ዳር ላይ የተጋደመው ክር

ሰኞ ጠዋት በመመርመሪያው ክፍል የነበሩት ሦስት ናቸው፦ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰችው መርማሪ፣ መስታወት የሚያሸው ባሏና የሙከራ ጊዜዋ ዛሬ የሚያበቃው አዲሷ ልጅ። አለቃቸው የልጅቷን የፈተና ሥራ ውጤት ሊሰማ ይመጣል።

እዚያ የሚሠራው የሚዛን ቁጥር ማሳያ ነው። ሁለት መስታወቶች በከፈይ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታሻሉ፤ በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል በስሱ ይገባል። ፈሳሹም በታሸበት አቅጣጫ ይተኛል። እጅ የሳተበት ቦታ ግን አተኛኘቱ ይዛባና ክር የመሰለ መስመር ይወጣል።

በልጅቷ ሥራ ላይ ክር አለ።

"ወድቋል" አለች መርማሪዋ፣ ደስታዋን እየዋጠች።

"ሳታሞቂው?" አለ ባሏ። "ሲሞላ የመጣ ከሆነ በሙቀት ይጠፋል እኮ።"

"ጠበቃ ቆመላት እንዴ?"

"እትዬ፣ ጋሼ እንዳሉት አንዴ ቢያሞቁልኝ" አለች ልጅቷ።

ያቺ "ጋሼ" የመርማሪዋን አንጀት አሳረረችው። ባሏ ሰሞኑን ጺሙን በየቀኑ ይላጫል። ለሠርጉ እንኳን እንዲህ አልተላጨም።

አሞቀችው። ፈሳሹ እንደ ውሃ ጠራ። ሲቀዘቅዝ ግን ክሩ ተመልሶ እዚያው ዳር ላይ ተጋደመ። ጥፋቱ የአሺው እጅ ነው።

ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከዚያ ከክሩ ሥር ያሉትን ቀጫጭን ጭረቶች አየች። የታችኛው መስታወት ጭረት ቀጥ ያለ ነው፤ የላይኛው ግን ዳር ሲደርስ ወደ ግራ ያዘነብላል። በክፍሉ ያለው ግራኝ አንድ ብቻ ነው። ይህን እጅ ስታርም ዓመታት አልፈዋል።

"ላይኛውን አንተ ነህ ያሸኸው።"

"እጇ ዝሎ ነበር። ትንሽ ላግዛት ብዬ ነው።"

"የእኔ እጅ ሲዝል የት ነበርክ?"

ባልየው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አደራሽን፣ እንዳትናገሪ። እኔ ነኝ የምቀጣው። እሷ እንደሆነ ልጅ ናት፣ ሌላ ሥራ አይጠፋትም።"

ልጅቷ ሰማች። አንገቷን ደፋች እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህ ዝምታዋ መርማሪዋን ከ"ጋሼ"ው የባሰ አቃጠላት። ልትሸፍንለት ነው!

አለቃው ገባ። "እህቴ፣ ምን ወጣ?"

ዝም ብትል ልጅቷ ዛሬውኑ ከዓይኗ ትጠፋለች። ስትመኘው የከረመችው ይህንኑ ነው።

"ታችኛው የእሷ ነው፣ ንጹሕ ነው" አለች። "ላይኛውን ያሸው ባሌ ነው። ክሩም የእሱ ነው።"

ልጅቷ ተቀጠረች። ባልየው ከማሺያው ተነስቶ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረ። ማታ ባልና ሚስት በአንድ አውቶቡስ ተመለሱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀምጠው።