ስልኩ «ተነስ» ሲል

የባለቤቴ ዳሌ ተሰብሮ ቢድንም፣ ከወንበሯ አልነሳ አለች። ሐኪሙ «ካልተራመዱ እግርዎ ደርቆ ይቀራል» ስላላት ጭንቅ ያዘኝ። ልጃችን እግርንም አእምሮንም አንድ ላይ የሚያሠራ ማለማመጃ ስልኳ ላይ ጫነችላት።

ስልኩ ታዲያ «ተነስ! የወጥ ቤት ዕቃ እየጠራህ ተራመድ!» ብሎ አዘዘ።

«ሰማህ አንተ ሽማግሌ? ተነሺ አላለም፤ አንተን ነው» አለችኝ፣ ጭራሽ ተደላድላ እየተቀመጠች።

ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ተነሳሁ። «ማንኪያ… ሹካ… ማንኪያ…»

«ማንኪያን ብለኸዋል!»

«እሺ፣ መዶሻ።»

«መዶሻ? ይሄን ሁሉ ዘመን በመዶሻ ነው እንዴ ሳበላህ የኖርኩት?» ብላ ወንበሩን ተደግፋ ብድግ አለች። ግድግዳውን እየያዘች ከኋላዬ መጣች። «ጭልፋ በል! ወንፊት በል! መክተፊያ፣ ድስት፣ ክዳን!» እያለች እስከ በሩ አሳደደችኝ። ልጃችን ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች።

ባለቤቴ መራመዷን ያወቀችው በሩ ጋ ደርሳ ስትዞር ነው።

«አንተ ተንኮለኛ!» አለችኝ፤ ግን አልተቀመጠችም።

ለነገ ደግሞ «መጋዝ» ልላት አስቤያለሁ።