በእርዳታ ካርድ ላይ የተጻፈ ዕድሜ

አሻግሬ ልጅቷን የወሰዳት በቃና ዘገሊላ ቀን ነው፤ አገሩ በሙሉ የሚካኤልን ታቦት ሊያስገባ ወጥቶ ሳለ። በለጥሻቸው ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሣጥኗ ተበርብሯል፣ ምድጃው ላይ የተወችው ሽሮ አርሯል። አልታዬ የለችም። ጎረቤቷ ብዙዬ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ ነገረቻት።

«አጎቷ ሁለት ሰው ይዞ መጥቶ ነው። እየጮኸች ሄደች። ለአቶ በላይ ልጅ ሊድራት ነው አሉ፤ ሰርጉ ለእሑድ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ምን ልበል፣ የሥጋ አጎቷ አይደል!»

«ምላስሽንም አብረው ወስደውታል በይኛ!» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሽሮውን እንኳ ሳታወርድ ፍርድ ቤት ወዳለበት ወደ መካነ ሰላም ከተማ አቀናች።

በለጥሻቸው እንዲህ ናት፤ አንዴ አልሁ ካለች አለች ነው። ሟቹ ባሏ «አንቺን ከማሳመን ድንጋይ ማረስ ይቀላል» ይላት ነበር። አልታዬን ከሆዷ አላወጣቻትም። በስልሳ ስድስት፣ ያ ክፉ ቀን ሰዉን እንደ ቅጠል ሲያረግፈው፣ ሁለት ልጆቿን በአንድ ሳምንት ቀብራ ወደ እርዳታ መጠለያው ብቻዋን ገባች። እዚያ ከጎኗ የተኛችው የአገሯ ልጅ ሸዋረግ ነበረች። ሸዋረግ ልትሞት ስትል የዘጠኝ ዓመት ልጇን እጅ ይዛ በለጥሻቸው እጅ ላይ አኖረችው። መናገር አቅቷት ነበር፤ የልጅቷ አባትም ቀድሞ ሞቷል።

በአገሩ ወግ የሰው ልጅ የራስ የሚሆነው በጡት ነው። አሳዳጊዋ አውራ ጣቷን ማር ትነክርና ሽማግሌ ባለበት ልጁን ታጠባዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጅነቱን የሚፈታው ሞት ብቻ ነው። በመጠለያው ማር ከየት ይምጣ? በለጥሻቸው ለሕፃናት ከሚታደለው የዱቄት ወተት በጥብጣ፣ ጣቷን ነክራ፣ ቄስ አካሉ ባሉበት አጠባቻት። ቄሱም ማር ባይኖር እግዜር ያውቃል አሉ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ መሬት ላራሹ ተባለ። ልጅቷ አጥንቷ ሥጋ ለበሰ። በዚህን ሁሉ ጊዜ አሻግሬ አንድ ቀን እንኳ «የወንድሜ ልጅ በላች ወይ፣ ጠጣች ወይ» ብሎ ደጃፍ አልረገጠም።

ሐሙስ ጠዋት በለጥሻቸው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፉ ሥር ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ቁጢጥ አለች። ጀብሪል ይባላል። አንድ ጆሮው አይሰማም፤ የሚሰማበትን አዙሮ ነው ባለጉዳይ የሚያስተናግደው።

«የጡት ልጄ ናት፣ ተቀማሁ» አለችው።

«በማር ነው?»

«በዱቄት ወተት።»

ጀብሪል ሳቁ አመለጠው። «ወላሂ፣ ይኼንስ ሰምቼ አላውቅም! ስሚኝ እታለም፣ ፍርድ ቤት ማርም ወተትም አይቀምስም። ጉዲፈቻ በጽሑፍ ውል ነው፤ ውሉንም ዳኛ ያጸድቀዋል። አንቺ ውል የለሽም። በጡት ልጅነት ከሄድሽ አጎትየው በሥጋ ይረታሻል።»

«እና ልመለስ?»

«ማን ተመለሽ አለሽ? ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ። ሐምሌ ሲመጣ አሥራ ሁለት ትገባለች።»

ብዕሩን ላሰና ወረቀቱን አስተካከለ። «በቃ፣ ጡቱን እንተወውና በጋብቻው እንግባ። የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ አምስት መቶ ሰማንያ አንድ፦ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት አትዳርም። ይኼ በጃንሆይ ጊዜ የወጣ ሕግ ነው፣ እስካሁን አልተሻረም።»

«በጃንሆይ ጊዜ ወጥቶ እኔን በአሥር ዓመቴ ሲድሩኝ የት ነበር?»

«መጽሐፍ ውስጥ» አለ ጀብሪል፣ እየጻፈ።

ዳኛው ማመልከቻውን አንብቦ የዚያኑ ቀን ፖሊስ ላከ። ዓርብ ጠዋት አሻግሬና አልታዬ ቀረቡ። ልጅቷ እጇ ላይ እንሶስላ ተቀብታለች፤ ጸጉሯ የሙሽራ ተሠርቷል። በለጥሻቸውን ስታይ ልትሮጥ ቃጣት፣ አሻግሬ ትከሻዋን ያዛት።

ዳኛው አቶ አጥናፉ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አሻግሬን ምን ትላለህ አለው።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ የአባቷ ወንድም ነኝ። ይቺ ሴት ለልጅቷ ምኗም አይደለች፤ በዱቄት ወተት አጠባኋት ትላለች!» ችሎት የታደመው ሰው ሳቀ። «ልጅቷም ሕፃን አይደለች። እኔ ያልሁትን አይመኑ፣ መንግሥት የጻፈውን ይዩ።» ከጉያው የታጠፈ ካርቶን አውጥቶ ዘረጋ።

በለጥሻቸው ካርዱን ገና ከሩቅ አወቀችው። ሣጥኗ ለምን እንደተበረበረ ያኔ ገባት። በመጠለያው የተሰጣት የእርዳታ ካርድ ነው፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። «አልታዬ፣ ሴት፣ ዕድሜ አሥራ ሦስት፣ ጥር 1966» ብሎ ዳኛው አነበበ። ከዚያ ቀና አለ። «ዛሬ አሥራ አምስት ሞልቷታል ማለት ነው።»

«ቄስ አካሉ ክርስትና ያነሷት በሃምሳ ሰባት ነው፣ ይጠየቁ!» አለች በለጥሻቸው።

«የነፍስ አባቷ ናቸው፣ ያለችውን ይላሉ» አለ አሻግሬ። «ካርዱን ያስጻፈችው ደግሞ እሷው ናት። ሰልፉ ላይ ከኋላዋ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ዳኛው ልጅቷን የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንዲያያት አዘዘ። ድሬሰሩ ጥርሷን አይቶ፣ ክንዷን ለክቶ ተመለሰና ራሱን ነቀነቀ። «ክቡር ዳኛ፣ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ረሃብ አቀጭጮታል። አሥራ አንድም ትሆናለች፣ አሥራ አምስትም ትሆናለች። መማል አልችልም።»

«እንግዲህ በእጄ ያለው ማስረጃ ይህ ካርድ ነው» አለ ዳኛው። «ከምሳ በኋላ እንመለስበታለን። ካርዱን የሚያፈርስ ነገር ያለው ሰው ካለ ያን ጊዜ ያምጣ።»

ባሕር ዛፉ ሥር ጀብሪል ዳቦውን ቆርሶ ሰጣት፤ በእጇ ይዛው ቀረች።

«ለምን ነበር አሥራ ሦስት ያልሽው?» አላት።

«ለልጅ ግማሽ ጣሳ ነበራ የሚሰፈረው! አሥራ ሦስት ለሞላው ሙሉ ጣሳ። መዝጋቢው ትንሽ ናት ሲለኝ፣ ረሃብ ነው ያሳነሳት አልሁት።»

«ይኼን ለዳኛው ከነገርሽ ካርዱ ይወድቃል። ግን አንቺም አብረሽው ትወድቂያለሽ። የረሃብተኛ እህል አታሎ መውሰድ ዛሬ ቀልድ አይደለም፣ ያሳስራል።»

«ልታሰራ።»

«አልጨረስሁም እታለም። እህል በማታለል የታሰረች ሴት ልጅ አሳድጊ ተብሎ አይሰጣትም። ለአጎትየውም አትቀርም፣ ለአንቺም አትቀርም። ወደ ደሴ ነው የሚወስዷት፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አለ።»

በለጥሻቸው ዳቦውን መለሰችለት። ይኼን አላሰበችውም ነበር። ይህን ጊዜ አሻግሬ መጣ፤ እንደ ጠዋቱ አልተንጠባረረም፣ በርከክ ብሎ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ክፉ ሰው አታድርጊኝ። አምስት ልጅ አለኝ። በሬዎቼን ድርቁ ፈጅቷቸዋል። መሬቱን መንግሥት ሰጠኝ፣ በምን ልረሰው? በላይ ጥንድ በሬውን ሊሰጠኝ ነው። ልጅቷ ከአንቺ ቤት ሁለት ጋራ ነው የምትርቀው፣ በየበዓሉ ትጠይቂያታለሽ። ደሴ ከሄደች ግን እኔም አንቺም አናያትም።»

«ለልጆችህ ጎመን ሲጠፋ ይቺን እንደ ጎመን ልትቀነጥስ?»

«የሁላችንም እህቶች የተዳሩት በዚህ ዕድሜ ነው።»

«የበላይ ልጅ የፊተኛ ሚስቱ የት አለች?»

አሻግሬ መሬት መሬት አየ። አገር ያውቀዋል። ያቺ ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሦስት ቀን አምጣ፣ ከነልጇ በአንድ ጉድጓድ ነው የገባችው።

«ያ የእግዜር ሥራ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እግዜርን ተወው፣ እሱ በሬ አልተቀበለም» አለችና ተነሣች።

ወደ ችሎት ሲገቡ በር ላይ አልታዬ እጇን ያዘቻት። ጀብሪል ሲናገር ሰምታለች። «እማ፣ እንዳትነግሪያቸው። ደሴ አልሄድም። እዳራለሁ፣ ግዴለም። ማታ ማታ እያመለጥሁ እመጣለሁ።»

«ስትያዥስ?»

«እንደገና አመልጣለሁ!»

በለጥሻቸው እጇን ከልጅቷ እጅ አስለቅቃ ገባች። እንደቆመች ነው የተናገረችው።

«ክቡር ዳኛ፣ ካርዱ ሐሰት ነው። ያስጻፍሁትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሙሉ ጣሳ እንዲሰፈርላት ብዬ አራት ዓመት ጨመርሁባት።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «የምትይውን ታውቂያለሽ? ይህ ወንጀል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያ ትርፍ ግማሽ ጣሳ የሌላ ልጅ ድርሻ ነበር።»

ይህንን ጀብሪል አልነገራትም ነበር፤ ማንም አልነገራትም። እሷ ግን በየሌሊቱ ታውቀው ነበር። በመጠለያው ሰልፍ ጫፍ ላይ እህሉ ሲያልቅ ባዶ ቅላቸውን ይዘው የተመለሱትን አይታለች። «አውቃለሁ» አለች። «የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም እንጂ አውቃለሁ። ሌላም ልጅ ሊጠፋብኝ ነው ብዬ ነው። በዚያን ሳምንት ሁለት ቀብሬ ነበር።»

ዳኛው ውሳኔውን ጻፈ፣ አነበበ። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላት የሚድራትም የሚያገባትም ይቀጣል። አሻግሬ ዕድሜዋን እያወቀ ሊድራት ስለነበር ሞግዚትነቱ ተሽሯል። በለጥሻቸው በራሷ ቃል ስድስት ወር እሥራት። ልጅቷ ሌላ ዘመድ ስለሌላት ወደ ማሳደጊያ ትላክ።

«ለስድስት ወር ብቻ ይሁን፣ ከዚያ እወስዳታለሁ» አለች በለጥሻቸው።

«ሕጉ የሚያየው የልጅቷን ጥቅም ነው። ስትወጪ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ይሰጥሻል ብዬ ግን ቃል አልገባም። የተፈረደበት ሰው ሲሆን ይከብዳል።»

«ሕጉ ልጅቷን ወዶ እኔን ጠላ እንግዲህ።»

«አልጠላሽም» አለ ዳኛው። «አያውቅሽም።»

አሻግሬ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ ወጥቶ ሄደ። ጀብሪል ከውጭ ቆሞ ሲያየው «የበላይን በሬ ሰላም በልልኝ!» አለው፤ አሻግሬ ግን ዞር ብሎም አላየው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደሴ የሚመለስ የእህል መኪና ተገኘ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አንድ ፎርም ይዞ ወደ ወህኒው ግቢ መጣ፤ ልጅቷ አልናገርም ብላዋለች። ቢሰድባትም ቢለምናትም አፏን አልከፈተችም።

«ዕድሜ?» አላት በለጥሻቸውን።

«አሥራ አንድ። ደግሞ እንዳትጨምርባት።»

«የእናት ስም?»

«ሸዋረግ።» ጻፈ። «እኔንም ጻፍ።»

«የእናት መስመር አንድ ነው ያለው፣ እሜቴ።»

«ከታች ባዶ ቦታ ይታየኛል።»

«እሱ ለበሽታ ነው፤ ልጁ በሽታ ካለው የሚጻፍበት።»

«እዚያው ላይ ጻፈኝ።»

ሰውዬው ወዲያ ወዲህ አየና ጻፈ። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፈ አላየችም፤ ፊደል ሲጭር ግን ብዕሩን እስኪያነሣ ድረስ ጠበቀች።

መኪናው በወህኒው ደጃፍ ሲያልፍ አልታዬ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታለች። በለጥሻቸው በአጥሩ ቀዳዳ «አልታዬ!» አለች። ልጅቷ አልዞረችም። ሁለተኛ ስትጠራት ብቻ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለምን ነገርሻቸው?» ብላ ጮኸች።

መኪናው ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ታጥፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዘበኛው አልተናገራትም። ከዚያ «ግቢ፣ ውኃ ቅጂ ተብለሻል» አላት። እንስራውን አነሣች።