ሰላምታ የሚቆርጠው ሬዲዮ

ኢንጂነር ልዑልቃል ሰላምታ አይወድም። የዞኑን የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ሊዘረጋ ጂንካ የመጣ ሰሞን "እንዴት አደሩ?" ስለው "ሥራ አለን፣ ተናኜ" ብሎኝ አለፈ። ከየመንደሩ ጥሪ የሚቀበለው ማዕከል ሬዲዮ ተቀባይ እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ነው የምንውለው።

ለነገሩ ምክንያት ነበረው። በየመንደሩ ሬዲዮ የያዘ ፈቃደኛ አለ፤ ሁሉም የሚናገሩት በአንድ መስመር ነው። በሙከራው ወቅት የአልዱባው ፈቃደኛ የዲመካውን ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሲጠይቅ መስመሩ ተያዘና እባብ የነደፈው ሰው ጥሪ ዘግይቶ ደረሰን። ሰውየው ዳነ፤ የኢንጂነሩ ንዴት ግን አልበረደም። ሬዲዮኖቹን ሰብስቦ አስተካከላቸው። ከሩብ ደቂቃ በላይ የተናገረ ሰው ድምፁ ይቆረጣል፤ ከዚያም ሬዲዮው ለተወሰነ ጊዜ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ጊዜው ሳይደርስ ሊከፍተው የሚችለው የኢንጂነሩ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

ታችኛው ኦሞ ላይ ግን ክፉ ወሬ በባዶው አይነገርም። መጀመሪያ የሰሚው ደህንነት ይጠየቃል፣ መልሱ ይሰማል፣ ከዚያ ነው ጉዳዩ። ኢንጂነሩ ይህን አያውቅም እንዳትሉኝ። ስልጠናው ላይ ፈቃደኞቹ ሁሉ ነግረውታል። "ይለምዱታል" ብሎ ሳቀባቸው።

የሬዲዮ ሥርዓቱ የተመረቀ ዕለት አዳራሹ በእንግዳ ተሞላ። ኢንጂነሩ እኔን ከነሬዲዮዬ መድረክ ላይ አስቀምጦ ድምፁን በትልቅ ስፒከር ለቀቀው። ንግግሩን ሳይጨርስ ከኦሞ ወንዝ ዳር ዱስ መንደር ጠራ። የዱሱ ፈቃደኛ ዳርጌ ነበር፤ እዚያ ከሬዲዮው በቀር ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም።

"ተናኜ፣ ሰላም ነሽ? እናትሽ ደህና ነው? ልጆች ደህና ነው? ጂንካ ዝናብ ዘነበ? ከብት ሣር አገኘ? እኛ ጋ..."

ተቆረጠ። እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። "ዳርጌ፣ ጉዳዩን ንገረኝ!" ብዬ ስጮህ ሳቃቸው ከድምፄ ጋር ዱስ ድረስ ተሰማ።

"ኢንጂነር፣ ይክፈቱለት። ድምፁ ደህና አይደለም።"

"እየሠራ ነው እኮ!" አለኝና ወደ እንግዶቹ ዞረ። "መስመሩን ከወሬ የምንጠብቀው እንዲህ ነው።"

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ሬዲዮው ጊዜውን ጠብቆ ሲከፈት ዳርጌ ተመለሰ።

"ተናኜ፣ ሰው ይስቃል። ሠርግ ነው? ይቅርታ አድርጊ፣ ደስታችሁ ላይ መጣሁ። ሙሽራው ደህና ነው? ሽማግሌዎች ደህና ነው? ክፉ ነገር ልናገር ነው፣ እንዳትቀየሙ። ሽማግሌዎች ይፈቅዳሉ? ሚስቴ..."

ተቆረጠ። ያን ጊዜ የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ከሳቁት አንዱ ኢንጂነሩ ነበር።

"'ሚስቴ' አለ እኮ! ይክፈቱለት!"

"ከምሳ በኋላ" አለና ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ እንግዶቹን ወደ ምግቡ መራ። እየተከተልኩ ለመንኩት፤ ጥብሱን ለእንግዶቹ እያቀረበ ነበር።

እንግዶቹ በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ወደ ሬዲዮዬ ተመልሼ ነበር፤ ዳርጌ ለመጨረሻ ጊዜ ጠራኝ። ሰላምታ አልነበረውም።

"ተናኜ፣ ጀልባ ተዪው።"

ሚስቱ ማሽላዋን ስታጭድ ውሃው ድንገት ሞልቶ ደሴት ላይ አስቀርቷት ነበር፤ ኋላም ወሰዳት። ሞተር ጀልባው ከዱስ ሳይርቅ ከነነጂው ቆሞ የእኛን ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ይህን ለኢንጂነሩ ስነግረው እጁን በናፕኪን ጠረገና "የስልጠና ክፍተት ነው" አለ።

ክፍተቱን ሊሞላ እኔን አስከትሎ ዱስ ወረደ። ሐዘንተኛውን ከለቀስተኞቹ መካከል አስነስቶ ሬዲዮ አስያዘው። ለምሳሌነት ሌላ አደጋ የጠፋ ይመስል!

"እንዲህ በል። ዱስ። አንድ ሴት። ውሃ ከቧታል። ጀልባ ላኩ።"

"ተናኜ፣ ሰላም..."

"እንደገና!"

ዳርጌ እንደገና ጀመረ። ደግሞም ተሳሳተ፤ ደግሞም አስደገመው። የሟቿ እናት መሬት ላይ ተቀምጣ ታያለች። በስተመጨረሻ ዳርጌ ዓይኑን ጨፈነና አንድም ቃል ሳያበላሽ ተናገረው።

"ዱስ። አንድ ሴት። ውሃ ከቧታል። ጀልባ ላኩ።"

"ጎበዝ!" አለ ኢንጂነሩ ሰዓቱን እያየ። "አየህ? ይቻላል።"

ዳርጌ ወደ እኔ ዞረ።

"ተናኜ፣ አሁን ልክ ነው?"

"ልክ ነው፣ ዳርጌ።"

"እሺ። ጀልባው መቼ ይመጣል?"