የአዳራሹ ኮምፔርሳቶ

«ጉጠቱን ወዲህ ይበሉ!» አለች በቀለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወንበር ላይ እንደቆመች።

የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ እንግዳ ጉጠቱን ከጀርባቸው ደበቁት። «ከቀብር ተመልሰን ውሃ እንኳ አልቀመስንም። ድንኳኑ ተጥሏል፣ ለቀስተኛው ውጭ ተቀምጧል፤ አንቺ ግድግዳ ታፈርሻለሽ? የቀበሌ ንብረት እኮ ነው በቀሉ!»

«እትዬ ጸሐይወርቅ ድንኳን አላሉኝም። ‹ልቅሶዬ በአባቴ አዳራሽ ይሁን› ነው ያሉኝ። እሺ ብያቸዋለሁ። አሁን ማንን ሄጄ ይቅር በሉኝ ልበል?»

አቶ እንግዳ አዳራሹን ወደ ከፈለው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ጠጋ አሉ። ጉጠቱን አውጥተው ከታችኛው ሚስማር ጀመሩ።

ቤቱን ያሠሩት የሟቿ አባት ፊታውራሪ ገብረ መድኅን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከመልእክተኞች ጋር እንግሊዝ ሀገር ሄደው፣ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ የባላባት ቤት በእንግድነት አድረው ኖሮ፣ ልባቸው እዚያው ቀረ። ላፍቶ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ የህንድ አናጢዎች ቀጥረው፣ ያዩትን በቃል እየነገሩ አሠሩት። ሹል ግንብ አለው፤ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ያለው በረንዳ አለው፤ በአዳራሹ ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ባለ ቀለም መስታወት ትልቅ መስኮት፣ ከጎኑም እሳት ነዶበት የማያውቅ ምድጃ። ግንቡን ከሩቅ ያየ መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን እየመሰለው ይሳለም ነበር። ፊታውራሪው መጀመሪያ «ኧረ ቤት ነው!» እያሉ ይጮኹ ነበር አሉ፤ ኋላ ታከታቸውና ከበረንዳው ሆነው «ይፍታህ፣ ይፍታሽ» እያሉ ያሳልፉ ጀመር።

ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌው ያን ሁሉ ቤት ሸነሸነው። አዳራሹ መሀል ለመሀል በኮምፔርሳቶ ተከፈለ፤ ግማሹ ለእትዬ ጸሐይወርቅ ቀረላቸው፣ ግማሹ ለበቀለች ተሰጠ። መስኮቱም አብሮ ተካፈለ፤ ቀዩ መስታወት ወደ በቀለች፣ ሰማያዊው ወደ እሳቸው። ምድጃው ለበቀለች ደረሳትና ድስት ደረደረችበት። እትዬ በበሩ ሲያልፉ ያንን አዩና ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈጓት።

አንድ ማለዳ በቀለች በርበሬ ስትወቅጥ ኮምፔርሳቶው ከወዲያ በኩል ተደበደበ። እትዬ «ዝም በይ፣ እንቅልፍ ነሳሽኝ» ማለታቸው ነበር። በቀለች ግን እኚያ ኩሩ ወይዘሮ እንደምን አደርሽ ያሏት መሰላት። ዘነዘናውን ጥላ በደስታ መልሳ አንኳኳች፤ ያም አልበቃ ብሏት ትኩስ ዳቦ ይዛ በራቸው ላይ ቆመች።

«እንደምን አደሩ እትዬ! እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር።»

እትዬ ሊቆጡ የከፈቱትን አፍ ዳቦውን አይተው መልሰው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በቀለች ታንኳኳለች፣ እሳቸውም ከወዲያ አንኳኩተው ይመልሳሉ። እውነቱን የነገሯት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን አንኳኩታ መልስ አጣች። ደግማ አንኳኳች። ከዚያ ዞራ ሄዳ ዐርፈው አገኘቻቸው።

ኮምፔርሳቶው በተነቀለ ማግስት ማለዳ አዳራሹ ፍራሽ ተነጥፎበት በለቀስተኛ ሞላ። ፀሐይ ስትወጣ ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ወደቁ። አንዲት አሮጊት እንዳትረግጠው እግሯን ሰበሰበች።

«ለካ እንዲህ ሰፊ ኖሯል!» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ወራሽ የላቸውም?»

«ወራሽማ ቀበሌው አለ።»

በቀለች ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ቃሏን ጠብቃለች፤ ከሐዘኗ በታች ኩራትም ይሰማት ነበር። በሠልስቱ ንጋት ግን ከእንቅልፏ በደንብ ሳትነቃ፣ እንደ ልማዷ ልታንኳኳ እጇን ዘረጋች። እጇ የሚነካው ነገር አጣ። እዚያው ተቀምጣ ሰው እስኪነቃ ድረስ አለቀሰች።

ረፋድ ላይ የቀበሌው የቤቶች ሠራተኛ ሮበሌ መጣ። ንፍሮ ቆነጠረና አንገቱን ደፍቶ፣ «እግዜር ያጽናዎት እማማ በቀለች። አዲስ ተከራይ ሊገባ ነው፤ ግድግዳው ይመለስ ተብሏል» አለ።

አቶ እንግዳ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሐዘን ቤት ድረስ መጥተህ? አርባቸው እንኳ ሳይወጣ?»

«ይመለስ» አለች በቀለች።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«አዳራሹን ለእሳቸው ብዬ ነው የከፈትኩት፤ ልባቸው ይረፍ። እኔ አዳራሽ ምን ያደርግልኛል? እኔ የማንኳኳበት ነው የቸገረኝ።»

ከሰዓት በኋላ አቶ እንግዳ በእትዬ ጸሐይወርቅ በኩል ሆነው ሚስማር መምታት ያዙ፤ በቀለች በራሷ በኩል ኮምፔርሳቶውን በሁለት እጇ ደግፋ ቆመች።

«ይዟል፣ ልቀቂው» አሉ ከወዲያ።

አልለቀቀችም። አንድ እጇን ብቻ አንስታ በጣቷ አንጓ ቀስ አድርጋ አንኳኳች።

«ነጋ እትዬ» አለች።

አቶ እንግዳ ለመጨረሻው ሚስማር መዶሻቸውን አንስተው ነበር። ሳይመቱ ቀስ ብለው አወረዱት።