ጾመኛ ቱቦ አይጠባም

ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም። ግን ቤንዚን በራሱ እግር አይሄድም። ጠዋት ሞልቼው የሄድኩት የውሃ ሞተር፣ ወደ ማታ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ስመለስ ግማሽ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሞተሩ የእኔና የጎረቤቴ የአያ አስረስ ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር መሬታችን ይያያዛል፤ አዋጥተን ገዝተን በየተራ ከሐይቁ ውሃ እንስብበታለን። ቤንዚን ደግሞ ዘንድሮ እንደ መድኃኒት ነው የሚፈለገው።

"ማን ይሆን?" አልኩት ወንድሜን ማህዲን። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤንዚን አጥቶ ከተማ ከሚንከራተት ብሎ ረመዳንን እኔ ዘንድ ከርሟል።

"እቴ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል?" አለኝ። "ቤንዚን የሚወጣው ቱቦ በአፍ ተጠብቶ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቱቦ የሚጠባ ጾመኛ አለ? እኛ አይደለንም።"

እውነቱን ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ አስረስ ሲያስል እንኳ ልቤ አላምነው አለ። ጋቢውን ሲያራግፍ፣ እጁን ሲታጠብ፣ ሁሉ ነገሩ ሌባ ሌባ ሸተተኝ።

በነጋታው ቤንዚኑ እንደገና ጎደለ። ደሜ ፈላ። ማሳው ድረስ ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኩት።

"አያ አስረስ፣ ሞተሩ ይሸጥና እንካፈል። ቤንዚኔን ከሚጠባ ሰው ጋር ውሃ አልሻማም።"

ሽንኩርቱ ገና ራስ እየቋጠረ ነው፤ አሁን ውሃ ካጣ አለቀለት። ደነገጠ። "እኔስ ሁዳዴ ላይ አይደለሁ፣ ዙለይሃ?"

"እናንተ ከቅዳሴ በኋላ ትቀምሳላችሁ" አልኩት።

ዶማውን አንስቶ ወደ ሽንኩርቱ ዞረ። መዞሩን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ረመዳን በመጣ ቁጥር ለኢፍጣር የምልክለትን የምስር ሳምቡሳም የዚያን ቀን አስቀረሁበት።

የመግሪብ አዛን ሲል ለማህዲ ተምር ዘረጋሁለት። አንዷን ዋጠና አገሳ። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ።

ተያየን። ለካ ባጃጁ ትናንት ሐይቅ ከተማ ደርሳ የመጣችው በባዶ አልነበረም፤ እኔም በምን ሄደች ብዬ አልጠየቅኩ። ጾሙን አላህ ይወቅለት፣ እሱ ውስጥ አልገባም። እኔን ያንገበገበኝ የአስረስ ፊት ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማህዲ አቀርቅሮ ሊጉመጠመጥ የውሃውን ጆግ አነሳ። ከእጁ ተቀበልኩትና በምትኩ የሳምቡሳውን ሳህን አስያዝኩት።

"ለአያ አስረስ አድርስ" አልኩት። "አጠገቡ ቁመህ ራስህ ትነግረዋለህ። አፍህን ሳትታጠብ።"