አራት ጊዜ የተጎበኘችው ልጅ

ኃላፊያችንን ከጀርባው «አረንጓዴው» እንለዋለን። የሕጻናት ጥበቃ ሥራችን በየሦስት ወሩ በሰንጠረዥ ይለካል፤ ግቡን የመታ ረድፍ አረንጓዴ፣ ያልመታው ቀይ ይቀባል። እሱ ታዲያ ቀይ ሲያይ ደም ግፊቱ ይነሳበታል። ሰንጠረዡን የምሞላው እኔ ነኝ።

በዚህ ሩብ ዓመት አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥቆማ ደርሶን ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኙ በሁለት ቀን ውስጥ ተጎብኝቷል። ዘጠና ሰባት በመቶ! አረንጓዴው ኬክ አዘዘ። እኔ ግን እጄ አያርፍምና አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «ልጁ በዓይን ታይቷል?» ፎርሞቹን ሦስት ቀን አገላብጬ ስደምር ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ብቻ ሆነ። ስልሳ አንድ በመቶ። ለብቻዬ ሳቅ አፈነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንኳኩተን መልስ ካጣን «መጥተን አጣናችሁ» የሚል ወረቀት በበሩ ሥር እንሸጉጣለን። ወረቀት የተሸጎጠበት ቤት «ተጎበኘ» ይባላል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አራት ጊዜ ተጎብኝታለች። ያያት የለም። ጥቆማው «ቀን ቀን ተቆልፎባት ትውላለች» ይላል።

«ማን ዓምድ ጨምሪ አለሽ?» አለ አረንጓዴው።

«ማንም።»

«ሪፖርቱ እስከ ቀትር ይሄዳል። ዓምዱን አጥፊው።»

«ልጅቷን ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን» አልኩና መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ እትዬን አገኘኋቸው፤ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ፎርሙን አሳየኋቸው። አራተኛዋን ወረቀት የሸጎጡት እሳቸው ነበሩ።

«ውይ!» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ምን ትገትሪኛለሽ፣ ነይ እንጂ!»

ሾፌሩን «ቀስ በቀስ» እንለዋለን። መኪናው ከሦስተኛ ማርሽ በላይ ገብታ አታውቅም።

«ኧረ ንካው! በእግሬ ብሄድ እቀድምሃለሁ» አልኩት።

«ውረጂና ቅደሚኛ፣ እህቴ። ስትደክሚ አነሳሻለሁ።»

እትዬ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ፤ ፈተና ሊገባ እንደሚሳሳቅ ተማሪ ሆነን ነበር።

በሩ ላይ የጎረምሳ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ከውጭ ተንጠልጥሏል። እትዬ አንኳኩ። ጸጥ። እንደገና አንኳኩ። ጸጥ። እጃቸው ከልማድ ወደ ቦርሳቸው፣ ወደዚያች ወረቀት ሄደ፤ በዓይኔ ሳፈጥባቸው መለሱት።

ቀስ በቀስ በበኩሉ በመስኮቱ ሥር ያቆማትን መኪና የፊት ጎማ በእግሩ እየመታ «ተንፍሷል፤ እዚሁ ልናድር ነው» ብሎ አለቀሰብን።

«አልተነፈሰም!» አለ ከመስኮቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ። «የኋላው ነው የጎደለው።»

ሦስታችንም ደርቀን ቀረን። ከዚያ እትዬ መስኮቱ ላይ ተጣበቁ። «የኔ ቆንጆ፣ ስናንኳኳ ለምን ዝም አልሽ?»

«አባዬ ሲንኳኳ ዝም በይ ብሎኛል። ወረቀት የምታስገቡት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን።»

«አጣናችሁ ይላል። እኔ'ኮ እዚሁ ነበርኩ!»

እትዬ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች። ጠቋሚዋ እሷ ነበረች። መለዋወጫ ቁልፉም እሷ ጋ ነው!

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ማን ቆሞ ጠየቀኝ? ትመጣላችሁ፣ ወረቀት ትሸጉጣላችሁ፣ እልም! ስፌቴን አስቀምጬ እስክወጣ አቧራችሁን ነው የማየው።»

«በኛ መኪና አቧራ?» አልኩና ቀስ በቀስን አየሁት። የተመሰገነ ያህል ደረቱን ነፋ።

«አባቷ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም» አለች። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ጭነት ላይ ነው፤ የሚጠብቅለት የለም። ቁልፉን ሲሰጠኝ ግን እሳት ካልተነሳ እንዳትከፍቺ ብሎ አስምሎኛል።»

«እሳቱ ተነስቷል» አሉ እትዬ፣ ወገባቸውን ይዘው። «እኔ ነኝ። ክፈቺ!»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ከስታለች፣ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ምላሷ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። ትምህርት ቤት ካየች ሁለት ወር አልፏታል። እትዬ ደፉ ላይ ተቀምጠው አባቷ ጋ ደወሉ፤ መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ በመጨረሻ «ሰኞ ራሴ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ» አለ። «ቀን ቀን እኔ ጋ ትዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ። እትዬ መለዋወጫውን ተቀብለው ዳግም እንዳይቆልፍባት የራሱን ቁልፍ ደግሞ ዛሬውኑ ቢሮ ድረስ ይዞ እንዲመጣ አዘዙት።

ስልኬ ጮኸ። አረንጓዴው ነው።

«አገኛችኋት?»

«አገኘናት!»

ሲተነፍስ ሰማሁት። ቀጠለና «እንግዲያው ቁጥሩ ከፍ ይላላ?» አለ።

«አይልም። ሃያ ሁለት ቀን ዘግይተናል፤ እሷ አትቆጠርም።» እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። «ስልሳ አንድ ነው፣ ጌታዬ። ቀይ! «ተጎበኙ» ተብለው ያልታዩ መቶ አርባ ሰባት ልጆች ደግሞ ይቀራሉ።»

ኬኩን እያየ ይመስለኛል።

«ላኪው» አለ በስተመጨረሻ። «ዓምዱ ግን ለምን እንደተጨመረ አሁኑኑ አስረጂኝ።»

ልጅቷ መጀመሪያ አንድ እግሯን ብቻ ደፉን አሻገረች። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁል ተፈተለከች፤ ቀስ በቀስ «ያዟት!» እያለ ዕድሜ ልኩን ሮጦ በማያውቀው ፍጥነት ተከተላት።

«ትንሽ ይጠብቁኝ» አልኩት፣ «እየሮጠች ነው» ብዬ እኔም ከኋላቸው ሮጥኩ።