የገለባው ጥጃ

ኑርዬ የሞተውን ጥጃ ቆዳ በገለባ ጠቅጥቆ ሆዱን በወስፌ ሰፋው። እግር ሊያወጣለት አልደከመም። ላሟ የምትፈልገው ጠረኑን ብቻ ነው። ጨው በውሃ በጥብጦ ጀርባው ላይ ረጨና ከአፍንጫዋ ሥር አስጠጋው።

ላሟ አሸተተችው። ራቅ አለች። ተመልሳ አሸተተችው፤ ከዚያ መላስ ጀመረች። ኑርዬ ተንበርክኮ ጡቷን ሲስብ ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ጮኸ።

"ታውቃለች?" አለች ዘይቱና ከበሩ ላይ።

ዘይቱና የልጁ የሀምዳን ሚስት ናት። ሀምዳን ከሚሊሻ ጋር ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ሁለት ወር አልፏል።

"ምኑን?"

"መሞቱን።"

ኑርዬ ቀና ሳይል አሰበ። "ትናንት ሬሳውን ስጎትት እየጮኸች ተከትላኝ ነበር። እሷ ሳታውቅ አትቀርም። ጡቷ ነው የማያውቀው።"

ዘይቱና ወደ ጓሮ ዞረች። ምን ልታደርግ እንደሄደች ያውቃል። በቀን ሦስት ጊዜ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ጡቷን አመድ ላይ ታልባለች። የአራት ወሩ ልጇ ሀምዱ ከሞተ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ወተቷ ግን ገና አልሰማም።

ሕፃኑን የገደለው ጥይት አይደለም። ውጊያው ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለሰ ዕለት ሰፈሩ እንዳለ ወደ ውሃው ወረደ። ጀልባ የነበረው ሙዘይን ብቻ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምድበት አሮጌ የእንጨት ጀልባ። ኑርዬና ሙዘይን አጥራቸው አንድ ነው፤ አብረው ተገርዘው አብረው ያረጁ ናቸው። ሙዘይን ሚስቱን ጫነ። እርጉዝ ልጁን ሉብናን ጫነ። የሉብናን ሁለት ልጆች ጫነ። በመጨረሻ ፍየሏን ጫነ። ኑርዬ የጀልባውን ጠርዝ ይዞ፣ "ዘይቱናንና ሕፃኑን ብቻ" አለው። ሙዘይን፣ "ሞልቷል" አለና በመቅዘፊያው ገፋ። እነ ኑርዬ በእግራቸው ወደ አምባሰል ተራራ ወጡ። ድንጋይ ተጠልለው አደሩ። ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን አሳለው፤ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዝም አለ። እዚያው ቀበሩት።

ኑርዬ አልቦ ሲነሣ ሙዘይን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየው። ከተመለሱ ወዲህ በዚህ በር መጥቶ አያውቅም። ክንዱ ላይ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩሙ ሰላም።" ኑርዬ ግባ አላለውም።

ሉብና ከሦስት ቀን በፊት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ሞታለች። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ባዶ ቤት ነው፤ አልጋው እንኳ የለም። ኑርዬ ቀብሯ ላይ ተገኝቶ አፈር መልሷል። ከሙዘይን ጋር ግን ቃል አልተለዋወጠም።

"የፍየሏን ወተት በውሃ አቅጥነን ሰጠነው" አለ ሙዘይን። "አስታወከው። ከዚያ አስቀመጠው። የዱቄት ወተት ፍለጋ ደሴ ድረስ ሰው ላክሁ፤ ጠፋ። አሁንማ ማልቀሱንም እየተወው ነው።"

"የምታጠባ ዘመድ የለህም?"

"አርዲቦ የምትኖር የወንድሜ ልጅ ዋሲላ አለች። ልኬባታለሁ። ብትፈጥን ማታ ትደርሳለች። እስከ ማታ አይቆይልኝም፣ ኑርዬ።"

ኑርዬ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ሕፃኑ የሽማግሌ ፊት ነበረው። አፉ ባዶ አየር ይጠባል።

"ያን ቀን ጀልባው ላይ የያዘው እኔ አይደለሁም" አለ ሙዘይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እጄ ነው። እጄ የራሴን ያዘ። ወላሂ አላሰብኩም። እንደዚያ ባለ ሰዓት ሰው አያስብም።"

"ፍየሏንስ?"

ሙዘይን አቀረቀረ።

ኑርዬ ወደ ላሟ ዞር አለ። አሁንም ቆዳውን ትልሳለች። ጥቂት አያትና ሕፃኑን ከሙዘይን ክንድ ተቀብሎ ወደ ቤት ገባ። የሀምዱ መታቀፊያ አረንጓዴ ፎጣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዘይቱና አላጠበችውም። ፊቷ ላይ አድርጋ ስትተኛ አይቷታል። ኑርዬ የሉብናን ልጅ ከራሱ ጨርቅ አውጥቶ በዚያ ፎጣ ጠቀለለው፤ መደቡ ላይ አስተኛውና ጥግ ይዞ ቆመ።

ዘይቱና ስትገባ ፎጣውን አየች። ፎጣው ተንቀሳቀሰ። ሮጠች። ጎንበስ ብላ ፊቷን ቀበረችበት፤ አሸተተች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"የማን ነው?"

"የሉብና።"

ወደ አማቷ ዞረች።

"ገለባ ጠቅጥቀው አመጡልኝ፣ አባባ?"

ኑርዬ የሕፃኑን ባዶ ጨርቅ በእጁ ጨበጠ።

"ጨውስ ረጭተውበታል?"

በሰባ ዓመቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። "አጥፍቻለሁ" ሊል አፉን ሲከፍት ሕፃኑ አለቀሰ። ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ለቅሶ ለማለትም አይበቃም። የዘይቱና ቀሚስ ደረቷ ላይ በሁለት ቦታ ረጠበ። እርጥበቱ ሲሰፋ ራሷም አየችው። በመዳፏ ደረቷን መታች።

"ማን ጠራህ?" አለችው ወተቱን። "አንተን ማን ጠራህ?"

ሙዘይን በሩ ላይ ደርሶ ነበር። "ልጄ..."

"ልጄ አትበለኝ።" ከልጅነቷ ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ነው። "ፍየልህ አለች አይደል? ጀልባው ላይ ቦታ ያገኘችው እሷ ናት። እሷ ታጥባው።"

"አልተስማማውም።"

"እጄ ነው ስትል ጓሮ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። እጅህ የራስህን ያዘ። ፍየሏም ደምህ ናት?"

የሕፃኑ ድምፅ እየደከመ ሄደ።

"ያንተ እጅ ሳይጠይቅህ ይይዛል" አለች። "የኔም ጡት ሳይጠይቀኝ ይፈስሳል። አፌ ግን የኔ ነው።" ሕፃኑን ከፎጣው አወጣችው። ፎጣውን አጠፈችና ወደ ሚስማሩ መለሰችው። "የራሱን ጨርቅ ስጡኝ። አራት ጊዜ አጠባዋለሁ። ዋሲላህ እስክትመጣ ይበቃዋል። አምስተኛ የለም።"

ሁለቱም ሽማግሌዎች ገባቸው። በሸሪዓው አምስት ጊዜ እየጠገበ የጠባ ሕፃን ላጠባችው ሴት የጡት ልጅ ይሆናል። እናቴ ይላታል። ልጆቿ ወንድምና እህት ይሆኑታል፤ ባሏም አባቱ።

"አምስት ከሞላ ልጄ ነው" አለች ዘይቱና። "እኔ ልጅ ነበረኝ። አንተ ዘንድ ቦታ አጣ እንጂ። አባባ፣ እርስዎ ይቁጠሩ።"

ሙዘይን ሄደ። ኑርዬ ከግቢው አምስት ጠጠር ለቀመ፤ ለምን አምስት እንደለቀመ አላወቀም። አንዱን የበሩ ደፍ ላይ አኖረ።

በመጀመሪያው ዘይቱና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አጠባችው። ሕፃኑ አጠባቡን ያስተማረው የለም፤ አፉ ራሱ ፈልጎ አገኘው። ጠግቦ ሲለቅ ከመደቡ ዳር አስተኝታው ወጣች። ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለተኛው ሆነ። ዓይኗን ጨፍና ነበር። አስር ሶላት ላይ፣ በሦስተኛው፣ ኑርዬ ውሃ ሊያቀብላት ሲገባ የሕፃኑን ተረከዝ በመዳፏ ይዛ አገኛት። ሲያያት ለቀቀችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኑርዬ አራተኛውን ጠጠር አኖረ።

ዋሲላ አልመጣችም።

ኑርዬ መግሪብን ሰግዶ ሲነሣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለቅሶ አልሰማም። ብቅ ሲል ዘይቱና ሕፃኑን ታቅፋዋለች፤ አፉ ጡቷ ላይ ነው። ሳያለቅስ ነው ያነሣችው።

"ስንተኛው ነው?" አላት።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"አራተኛው።"

ኑርዬ ደፉን አየ። አራቱ ጠጠሮች እዚያው ናቸው። አምስተኛው እጁ ውስጥ ሞቆ ነበር። ወጣና ከአጥሩ ባሻገር ወረወረው።

ጥቂት ቆይቶ ሙዘይን መጣ። "ዋሲላን ኬላው ላይ መልሰዋታል" አለ። "ነገ እንደገና ትሞክራለች። ልጁ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ስንት ጠባ?"

ኑርዬ የጎረቤቱን ፊት አየ። ምን እንደሚጠብቅ ገባው። አምስት ከተባለ ሁለቱ ቤቶች ዘመድ ናቸው። ዘመድ ከሆኑ ደግሞ የጀልባው ነገር አይነሣም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ያልቃል። ሀምዱ ተራራው ላይ እንደተኛ ይቀራል።

ኑርዬ በሐሰት መስክሮ አያውቅም።

"አራት" አለ።

"አራት ብቻ?"

"አራት። ልጁ እዚህ ያድራል። አንተ ሂድ።"

ሙዘይን በአጥሩ ጥግ ሄደ።

ላሟ ጡቷ ሞልቶ ትጮኻለች። ኑርዬ ማለቢያውን አላነሣም። የጥጃውን ቆዳ ጎትቶ አወጣ፤ ጠዋት የሰፋውን በቢላ ተረተረው። ቆዳውን ማገር ላይ ሰቀለ፤ ገለባውን ከላሟ ፊት ዘረገፈው። ላሟ አሸተተችው።

በላችው።